እግሩን የሚጠብቅ እጅ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወሬያችን ስለ እግር ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግር፣ ቀን በጫማ ማታ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ባለቤቱ እንኳ ደህና አድርጎ የማያየው እግር። ከመካከላችን ስኳር ያለበት አለ፤ የሌለበትም ቢሆን እናቱን ወይም አባቱን፣ አለዚያም ጎረቤቱን ሲያስታምም ያየ ነውና፣ ነገሩ የሁላችንም ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከሕንድ ይነሣና በአዲስ አበባ በኩል አልፎ አሜሪካ ይደርሳል፣ ከዚያም ተመልሶ ወደየቤታችን ይገባል። አንቸኩልም። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ፖል ብራንድ የሚባል ሐኪም ነበር። በ1914 በደቡብ ሕንድ ተራሮች ላይ ከእንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን ተወለደ፣ ገና ልጅ ሳለም ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፣ ከዚያም በጦርነቱ ዘመን ለንደን ላይ ሕክምና ተማረ፣ ከዚያም ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 ወደ ተወለደበት አገር ተመለሰና ቬሎር በምትባል ሞቃት ከተማ ቀዶ ሐኪም ሆነ። እዚያ ሳለ የሥጋ ደዌ ያለባቸውን ሰዎች አገኘ። በዚያ ዘመን ብዙው ሰው፣ ሐኪሙ ሳይቀር፣ የሥጋ ደዌ ጣትን ከውስጥ እየበላ ያረግፋል ብሎ ያምን ነበር፤ ያለቀለት ነገር ነው ተብሎ ስለታመነም እጁንና እግሩን ላድን የሚል ሰው ብርቅ ነበር። ብራንድ ግን ሰዎቹን ማየት አላቆመም፤ ጠየቃቸው፣ እጃቸውን በእጁ ይዞ ዳሰሰ፣ ደግሞም አየ።

አንድ ቀን የዕቃ ቤት ሊከፍት ከበሩ ጋር ይታገላል፤ ቁልፉ ዝጎ አልዞር አለው። ይህን ጊዜ አንድ የሥጋ ደዌ ያለበት፣ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ቀረብ ብሎ እስቲ ልሞክረው አለና ቁልፉን ይዞ በአንድ ጊዜ አዞረው። ብራንድ ተገረመ፤ ጎልማሳው ያቃተውን ይህ ከሲታ ልጅ እንዴት ቻለ? ወዲያው ግን መሬቱ ላይ ደም ጠብ ሲል አየ። የልጁን እጅ ገልብጦ ቢመለከት ቁልፉ የጣቱን ሥጋ ቆርጦ አጥንቱ ታይቷል፤ ልጁ ግን ምንም አልታወቀውም፣ ፊቱም አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ ምስጢሩ አንድ በአንድ ይገለጥ ጀመር። የአንዳንዱ ሰው ጣት ሌሊት ሌሊት እየጎደለ ያድር ነበርና ነቅተው ቢጠብቁ አይጥ ሆኖ ተገኘ፤ የተኛው ሰው ስለማይሰማው እጁን አይሰበስብም፣ አይጧም ሳትፈራ ትበላለች። ለታማሚዎቹ ድመት ተሰጣቸው። በሽታው ነርቭን ያደነዝዛል እንጂ ጣትን አይበላም ነበር፤ እጅና እግርን የሚጨርሰው ባለቤቱ ሳያውቀው በየቀኑ የሚደርስበት ጉዳት ነው፤ ትኩስ ድስት በባዶ እጅ ማውረድ፣ ጫማ ውስጥ የገባች ሚስማር፣ የቆሰለውን እግር ሳያነክሱ ቀኑን ሙሉ መርገጥ።

አንድ ሌሊት ደግሞ ነገሩ በራሱ ላይ መጣ። ከአሜሪካ በመርከብ ተነሥቶ እንግሊዝ አገር ወረደ፣ ከወደቡም ወደ ለንደን በባቡር ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ሄደ፣ ከዚያም ደክሞት ወደ ማረፊያ ክፍሉ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሲያወልቅ፣ ተረከዙ ላይ ስሜት እንደሌለው ታወቀው። መርፌ ፈልጎ ወጋ፤ አልተሰማውም። ጠለቅ አድርጎ ወጋ፤ ደም ወጣ፣ ሕመም ግን የለም። በሽታው ያዘኝ አለና ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር፣ ሚስቱንና ልጆቹን እያሰበ አነጋው። ሲነጋ በብርሃን ያንኑ ቦታ ደግሞ ወጋው፤ አሁን ሕመሙ አስጮኸው። ለካ ባቡሩ ላይ ለብዙ ሰዓት ሲቀመጥ ነርቩ ተጭኖ ደንዝዞ ኖሯል። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ብራንድ ስለ ሕመም አምላኩን የሚያመሰግን ሰው ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2003፣ ሕመም ማለት ሰውን የሚጠብቅ ስጦታ ነው እያለ አስተማረ።

በ1965 ደግሞ በእኛው አገር፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ፣ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎች የሥጋ ደዌን ሕክምና የሚማሩበት አለርት ተቋቋመ። ያ የደነዘዘ እግር ትምህርት እዚህም ሥር ሰደደ፤ እግርን ቅባት መቀባት፣ በየቀኑ መመልከት፣ የማይሰማ እግር እንዳይቆስል ውስጡ ለስላሳ ጎማ የተነጠፈበት ጫማ መሥራት። ስለዚህ ይህ ዕውቀት ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በደጃችን ሲሠራበት የኖረ ነው።

ብራንድም በ1966 ወደ አሜሪካ ተሻገረና ሉዊዚያና ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ካርቪል በሚባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል መሥራት ጀመረ። እዚያም ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግር ሲያይ ቁስሉ የሚያውቀው ቁስል ሆኖ አገኘው፤ በሽታው ሌላ፣ የእግሩ ዝምታ ግን አንድ ነው። ከዚያም ከመሐንዲሶች ጋር ሆኖ ለማይሰማው ሰው ሰው ሠራሽ ሕመም ሊሠራለት ተነሣ። በጓንትና በጫማ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ አበጁ፤ ጫናው ሲበዛ በጆሮ ላይ ድምፅ ያሰማል። ሰዎቹ ድምፁን እየሰሙ ሥራቸውን ቀጠሉ። ድምፁ ቀርቶ በኤሌክትሪክ እንዲነዝር ተደረገ፤ ይህን ጊዜ ሰዎቹ ከባድ ሥራ ሲገጥማቸው መሣሪያውን ያጠፉታል፣ ሥራው ሲያልቅ መልሰው ያበሩታል። ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ከፈሰሰ በኋላ ብራንድ ነገሩን ተወው። እኛ ግን ይህን ጉዳይ ይዘነው እንሂድ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ብቻውን እግር አያድንም።

አሁን ስኳሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ረጅሙን ነርቭ ስለሚያስቀድም ከእግር ጣት ይጀምራል። መጀመሪያ ጉንዳን የወረረ ይመስላል፣ ሌሊት ሌሊት ያቃጥላል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ዝም ይላል፤ ሰውየውም ተሻለኝ ብሎ ደስ ይለዋል። በዚህ መሃል ላብ ይቀንስና ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ የደም ሥር ይጠብና ቁስል የሚያድነው ደም ወደ እግር በደንብ አይወርድም፣ የቆሰለውም ቶሎ ያመረቅዛል። በስኳር ምክንያት ከሚቆረጠው እግር ከመቶ እስከ 85 የሚሆነው የተጀመረው ከቁስል ነው። ቁስሉን ያስቀረ ሰው እግሩን አስቀረ ማለት ነው። ይህን የቦስተኑ ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን በ1934 ጽፎ አስጠንቅቆበታል፤ ኢንሱሊን ከተገኘ ወዲህ ስኳር ያለበት ሰው ዕድሜው ሲረዝም የእግር መበስበስ እየበዛ መጥቶ ነበርና፣ ይህ መከላከል የሚቻል ነገር ነው ብሎ ሕሙማኑን ስለ እግር ንጽሕና ያስተምራቸው ነበር።

እንግዲህ ምክሩ ከታወቀ ይህን ያህል ዘመን ሆኖታል። ታዲያ ሰው ለምን አያደርገውም? ስንፍና ነው የሚል አለ፤ እኔ አልልም። ብዙው ሰው የሰማውን ምክር የማያደርገው እችላለሁ ብሎ ስለማያምን ነው። ጥፍሬን ስቆርጥ ብቆስልስ ይላል፤ ጉልበቴ አይታጠፍም፣ ዓይኔ ደክሟል ይላል፤ አያቴም እናቴም በዚህ ሄደዋልና የእኔም ዕጣ ነው ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

አልበርት ባንዱራ የሚባል፣ በካናዳ ትንሽ መንደር ተወልዶ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ይህ ሰው እባብ እጅግ የሚፈሩ ሰዎችን፣ ፍርሃቱ ኑሯቸውን ያጠበበባቸውን፣ እየጠራ ይረዳ ነበር። አትፍሩ ብሎ አልሰበካቸውም። መጀመሪያ ሌላ ሰው እባቡን ሲይዝ ከሩቅ አዩ፣ ከዚያም ከበሩ ላይ ቆሙ፣ ከዚያም በጓንት ነኩ፣ ከዚያም አጠገባቸው ሰው ቆሞ በባዶ እጃቸው ነኩ፣ በመጨረሻም ረዳታቸው ገለል ሲል ብቻቸውን ያዙት። ከእነርሱም መካከል ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሌላውንም የሚፈሩትን ነገር መድፈር የጀመሩ ነበሩ። ባንዱራ በ1977 ባወጣው ጽሑፍ ሰው እችላለሁ የሚለውን እምነት ከአራት ነገር ያገኘዋል አለ፤ ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት፣ እንደሱ ያለ ሰው ሲሠራ ሲያይ፣ የሚያምነው ሰው ሲያበረታታው፣ ሰውነቱና ልቡ ሲረጋጋ። ከአራቱም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው፤ በገዛ እጅ ሠርቶ ማየት። የእኛም አባቶች ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ይህን አውቀው ነው።

ከዚያም በ2002 ሄለን ስሎን የተባለች ተመራማሪ ይህንኑ ወደ እግር አመጣችው። ስኳር ላለባቸው ሰዎች የሚቀርብ 12 ጥያቄ አዘጋጀች፤ ጥያቄዎቹ ምን ያህል ታውቃለህ አይሉም፣ ምን ያህል ትተማመናለህ ነው የሚሉት። ሳያምህም ቢሆን እግርህን በየቀኑ ማየት እንደምትችል፣ እግርህን ከማስገባትህ በፊት የውሃውን ሙቀት መለካት እንደምትችል፣ ችግር ስታይ ለሐኪም መንገር እንደምትችል። ማወቅና መቻል በመካከላቸው ወንዝ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ቤታችን እንግባ። አንዲት እናት አስቡልኝ። ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥታ፣ የሐምሌን ጭቃ በፕላስቲክ ጫማ እየዳጠች፣ ነጠላዋን ከዝናቡ እየሰበሰበች ለስኳር ክትትል ጤና ጣቢያ ደረሰች፤ ካርድ አወጣች፣ ተራዋን ጠበቀች፣ ስኳሯን ተለካች፣ መድኃኒቷን ተቀበለች፤ ሲስተሯም ከኋላ ያለው ሰልፍ ረጅም ነውና፣ እማማ እግርዎን ይጠብቁ ብላ ሸኘቻት። እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ ብላ ወጣች። ከዚያም ያን ሁሉ መንገድ ስትመለስ፣ እግርን መጠበቅ ምን ማድረግ እንደሆነ በእጇ አልያዘችም።

አሁን ደግሞ ማታ ልጇ ሳፋ ይዛ ስትመጣ አስቡ። በአገራችን የእንግዳና የአባት እግር ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ ነበር፤ ልጅ ዝቅ ብሎ ያጥባል፣ ምርቃትም ይቀበላል። ያ ልማድ ለዚህ ሕመም የተሰጠ ይመስለኛል፤ ዓይን ብቻ እንጨምርበት። ልጅቷ ውሃውን በክርኗ ትሞክረዋለች፤ የእናቷን እግር አትጠይቀውም፣ የደነዘዘ እግር የሚፈላውንም ለብ ያለ ነው ይላልና። እግሩ ሲታጠብ አይዘፈዘፍም፤ ታጥቦ ይወጣል፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፣ በተለይ በጣቶቹ መሃል፣ ቀስ ተብሎ። ከዚያም ቫዝሊን ተረከዙና ውስጥ እግሩ ላይ ይቀባል፣ በጣት መሃል ግን አይደረግም፣ እርጥበት ፈንገስ ያመጣልና። ከዚያም ይታያል፤ ስንጥቅ፣ ውሃ የቋጠረ፣ የቀላ፣ የጠቆረ አለ ወይ? በእጅ ይዳሰሳል፤ ከሌላው እግር ይልቅ የሚሞቅ ቦታ አለ ወይ?

በመጀመሪያው ማታ ልጅቷ ትሥራ፣ እናት ትይ። በሌላው ማታ አብረው ይሥሩ። ከዚያ በኋላ እናት ራሷ ትሥራ፣ ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ፣ አዎ እማዬ እንደሱ ነው ትበል። ጉልበቷ ካልታጠፈ መስታወት መሬት ላይ ይቀመጥና ውስጥ እግሯን በዚያ ትየው፤ መስታወት ከሌለ ልጅቷ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ታሳያት። ጥፍርም ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፣ ጠርዙ ወደ ሥጋ እንዳይገባ፤ ዓይኗ የደከመ ከሆነ ይህን ሌላ ሰው ይሥራላት፣ እርዳታ መጠየቅም ከመቻል ይቆጠራል። ጠዋት ደግሞ ጫማዋን ከማድረጓ በፊት እጇን ታስገባበት፤ ጠጠር፣ እሾህ፣ የተላጠ ገበር እንዳይኖር። ቤት ውስጥም በባዶ እግር አትሂድ።

እግር ስሜት እንዳለው ለማወቅም ቤት ውስጥ የሚሆን ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ኢፕስዊች በምትባል ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያሰቡት ነው፤ የሚፈልገው አንድ ጣት ብቻ ነው። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ቤተሰቡ የእግሩን አውራ ጣት፣ መካከለኛውንና ትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግር ተራ በተራ በስሱ ነካ ያደርጋል፣ ሳይጫን፣ ሳይደጋግም፤ ሰውየው የቀኝ ነው የግራ ነው ይላል። ከስድስቱ ሁለቱና ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ለሐኪሙም ይነገር።

ስለ እምነታችንም ልናገር፣ ሰው የሚጎዳው በሚወደው ነገር ላይ ሳለ ነውና። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፣ ቀትር ላይ ደግሞ የቅጽሩ ድንጋይ ይፋጃል፤ ስኳር ያለበት ሰው ንጹሕ ወፍራም ካልሲ ያድርግ፣ ጫማውንም እስከ በሩ ድረስ አያውልቅ። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ ብሎ የተሳለ ካለ የነፍስ አባቱን ያማክር፤ ስለቱ በሌላ ይለወጥለታል፣ እግር ግን አይለወጥም። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ በየቀኑ ለውዱእ እግራቸውን ይታጠባሉ፤ በዚያው ጣቶቻቸውን መሃል ለመሃል ማየትና ማድረቅ ብቻ ይጨምሩበት። በክረምት ከሰል ማንደጃ ላይ እግር የምታሞቁ፣ በስደት አገር ያላችሁም ማሞቂያው ላይ እግራችሁን የምትሰቅሉ፣ በካልሲ ሙቁ፤ እሳቱ ሲያቃጥላችሁ አይነግራችሁም።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። እችላለሁ ማለት ሁሉን በራሴ ማለት አይደለም። የደደረ ቆዳን በምላጭ የሚልጥ፣ ቁስል ላይ ቅጠል ቀጥቅጦ አስሮ ሳምንት የሚጠብቅ፣ አያመኝምና ይሽራል የሚል ሰው ድፍረት አለው፣ መተማመን ግን የለውም። በእግር ላይ ያለ ሕመም የሌለው ቁስል ከሚያም ቁስል ይልቅ ያስፈራል። ቁስል ሲታይ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ሲኖር፣ መቅላቱ ሲስፋፋ፣ ጣት ሲጠቁር፣ ወይም ቁስል ሳይኖር አንዱ እግር አብጦ ሲሞቅ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በየማታው እግሩን የሚያይ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያተርፈው ይህን ነው፤ ትላንት ያልነበረውን ዛሬ ያውቃል፣ በጊዜም ይሄዳል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሕክምና ያላችሁ ልጆቻችን፣ እግርዎን ይጠብቁ ብላችሁ አትሸኙ፤ ካልሲውን አስወልቁ፣ አንዴ በፊታችሁ እንዲሠራው አድርጉ፣ ሲሠራው አመስግኑት፤ ስኳር ይዞት ለብዙ ዓመት እግሩን የጠበቀ ሰው ካለም ለአዲሱ ታማሚ እሱ ያሳየው። በቤት ያላችሁም ሳፋውን አቅርቡና አሳዩ፣ አብራችሁ ሥሩ፣ ከዚያም እጃችሁን ሰብስባችሁ እዩ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ከሁሉ በትንሹ ጀምሩ፤ ዛሬ ማታ ካልሲያችሁን አውልቃችሁ ሁለቱን ውስጥ እግሮቻችሁን በብርሃን ተመልከቱ፣ ነገ ማታም ተመልከቱ። ያን ያደረገ ሰው የሚቀጥለውን ለመቻል ማንም ሊመክረው አያስፈልገውም፤ በገዛ እጁ አይቶታልና።